የፊደሉ ቀኝ

ውድ ጋሽ አድነው፣

አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ ልጀምር፤ እርስዎም እንደ ልማድዎ «ወዓለይኩም ሰላም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይበሉኝ። ወልድያ እንዴት ይዛዎታለች? ብርዱን አልቻልኩትም ብለው በድምፅ የላኩትን ለእማ አሰማኋት። «ጅዳ ተቀምጦ ሙቀቱን ሲያማርር የኖረ ሰው፣ አሁን ደግሞ ብርዱን! የሰው ልጅ መቼ ይመቸዋል» ብላ ሳቀችብዎ። ትንሽ ቆይታ ግን «ጋቢ ይደርቡ በያቸው» አለችኝ። ይኸው ብያለሁ።

የምጽፍልዎ መካ፣ ዑተይቢያ፣ እቤታችን ሆኜ ነው። እርስዎ ክርስቲያን ስለሆኑ መካ መግባት አይፈቀድልዎትም ነበርና ይህን ቤት አንድም ቀን አላዩትም። የእማን ሳምቡሳ ግን ያውቁታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ እጅ ሲላክልዎ ከርሟል። ዛሬ እፎይ ብያለሁ ጋሽ አድነው። ወላሂ፣ እንዲህ ቀለል ብሎኝ አያውቅም። ምን ሆነሽ ነው እፎይ ያልሽው ካሉኝ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ።

ባለፈው ዓመት ኢቃማዎ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ፣ አልታደስ ብሎ ጠቅልለው ሲገቡ፣ ጅዳ ሂንዳዊያ ያለውን የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ለእኔ ጥለውልኝ ሄዱ። ዐረብኛ የሚቀናቸው፣ አማርኛ ከእናታቸው አፍ እንጂ ከወረቀት ያላዩ እነዚያን ሁሉ ልጆች! አየር ማረፊያ ላይ «ለመሆኑ ማስተማር ለምን ፈለግሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ወገኔን ላገልግል፣ ባህላችን እንዳይጠፋ ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። እርስዎም ፈገግ አሉብኝ። ውሸቴን እንዳወቁብኝ አውቄአለሁ።

እውነቱን ልንገርዎ? መጀመሪያ ወደ እርስዎ ክፍል የመጣሁት ከቤት ለመውጣት ነው። ከወንድሜ ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጬ ከመካ እስከ ጅዳ መንገዱን ማየት ይበቃኝ ነበር። ከልጆቹ ኋላ ምንጣፉ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ፊደል የቆጠርኩትም ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው። ታዲያ እማ ከሐይቅ እኅቷ መልእክት ስትልክላት፣ ስልኩን ይዛ የሚያነብላት ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ነው የኖረችው። አንድ ቀን እኔው ተቀብዬ አነበብኩላት። ቀና ብላ አየችኝ። ደስ አለኝ አላለች፣ ጎበዝ አላለች፣ ብቻ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። ማስተማር የፈለግሁት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ የሌላ ልጅ እናትም «ድገሚው» እንድትል።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ ዜማዎን እንደያዙ ቀጠሉ። ሀ ሁ ሂ ሃ ብለው ሲጀምሩ ታች ያለው የፉኣድ ሱቅ ድረስ ይሰማል። ክፍሉ የእሱ አይደል፣ ሴት ልጁ ሰሐርም ከልጆቹ መሀል ናትና፣ ጨርቅ ሲለካ ሜትሩን ይዞ ቆሞ ያዳምጣል አሉ። እኔም ኮራሁ። ማንበብማ ቻሉት ብዬ!

አንድ ቅዳሜ ከኋላ ቆሜ ሳይ፣ የሰሐር ጣት ከፊደል ገበታው ቀኝ፣ ከ«ሆ» ተነሥቶ ወደ ግራ ይሄዳል፤ አፏ ግን ሀ ሁ ሂ ይላል። ያ አላህ አልኩ። «ሙ»ን ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «ማነው ይቺን የሚነግረኝ?» አልኩ። ሄርሜላ እንኳ፣ ከሁሉም የምትጮኸው፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። አንዳቸውም አያነቡም ነበር ጋሽ አድነው። አብዛኞቹ ልጆቻችን ቁርኣን በጆሮ ሰምተው መሐፈዝ፣ በቃል መያዝ፣ የለመዱ ናቸው፤ ዜማ ካገኙ ይዘው ይሮጣሉ፣ ዐይናቸው የት እንዳለ ማንም አይጠይቃቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ዜማውን አቆምኩት። ይቀየሙኝ ይሆናል፣ ግን አቆምኩት። የብስኩት መጠቅለያ፣ የአል-ባላድ የሐበሻ ምግብ ቤት ማስታወቂያ፣ የእናቶቻቸው ስም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ማስነበብ ጀመርኩ። ከየት እንደሚጀምሩ እንዳይጠፋቸውም በየወረቀቱ ግራ ጥግ ኮከብ ሣልኩላቸው። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ለመዱት። ሰሐር ግን ኮከቡን እያየች፣ ደጋግማ በቀኝ ትጀምራለች። ጸባዬን ያውቁታል፣ ደሜ ፈላ። «ስንቴ ልንገርሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ዐይኗ እንባ ሲያቀርር ነው «ለምንድን ነው በቀኝ የምትጀምሪው?» ብዬ መጠየቁ ትዝ ያለኝ። መጀመሪያ መምጣት የነበረበት ጥያቄ መጨረሻ መጣ።

«ዐይብ ነው አብላ፣ ነውር ነው» አለችኝ። አብላ የሚሉኝ ቀን ቀን ትምህርት ቤት ሴት አስተማሪን እንደዚያ ስለሚጠሩ ነው። «እናቴ በቀኝሽ ብዪ፣ ጫማሽንም በቀኝ አስቀድመሽ አጥልቂ ትለኛለች። ፊደል ሲሆን ለምን በግራ?»

«እንዲሁ ነው» አልኳት። እንዲሁ ነው! ከአስተማሪ አፍ የማይወጣ ቃል ቢኖር እሱ ነበር። ልጅቷ የተሳሳተችው ሰንፋ ወይም አልሰማም ብላ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በደንብ ስለተማረች ነው። ቤቷ ያስተማራትን ጨዋነት ይዛ መጥታ ነው እኔ የጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ልጅ ሲሳሳት መጀመሪያ ምክንያቱን እጠይቃለሁ፣ እርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የማስተማር እምነትሽ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ከዚህ የሚበልጥ የለኝም።

ሰሐር ታዲያ እቤቷ ሄዳ ለአባቷ ነገረችው። ፉኣድን ያውቁታል፣ ልቡ ቅቤ፣ አፉ ሚጥሚጣ። ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጥቶ መጣ።

«መኪያ፣ እኔ ልጄን በቀኝ ብዪ፣ በቀኝ ግቢ ብዬ አሳድጌ፣ አንቺ በግራ ጀምሪ ትያታለሽ?»

«አቡ ሰሐር፣ እንግሊዝኛም እኮ በግራ ነው የሚጀመረው» አልኩት።

«እንግሊዝኛ የፈረንጅ ነው፣ እንደፈለገው ይሁን። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው!» አለኝ። «ደግሞ ያ ሁሉ ዜማ የት ገባ? አድነው እያለ እንደ ወፍ ነበር የሚያዜሙት፣ አሁን ይንተባተባሉ። ኸላስ፣ በቃ። ለሚመጣው ቅዳሜ አባቶቹን ሰብስቤ እመጣለሁ። ልጆቹ በቀኝ ጀምረው፣ እንደ ድሮው ጮክ ብለው ያሰሙን። ካልሆነ ክፍሉን ለጨርቅ እፈልገዋለሁ፣ አንቺም መካሽ ተቀመጪ።»

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አይጠይቁኝ። ወንድሞቼን በሆነ ባልሆነው እጮህባቸዋለሁ፣ እማም «ምነው፣ በግራ ጎንሽ ነው እንዴ የምትነሺው?» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ግራ የሚል ነገር መስማት አልፈልግም! ማታለል አማረኝ። አንድ ቅዳሜ ቢያዜሙ ምን ይጎዳል? አባቶቹ ይደሰታሉ፣ ክፍሉም ይተርፋል፣ እኔም አስተማሪ እንደተባልኩ እቀራለሁ። ይህንኑ ለእማ ነገርኳት። ሽንኩርቷን ከመክተፍ ሳታቋርጥ «እንግዳ መጣ ተብሎ ጥሬ ይቀርባል?» አለችኝ። ገባኝ፤ ያልበሰለ ንባብ በዜማ ሸፍኜ ላቀርብ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ፉኣድ መሀላቸው። «ሀ ሁን ያሰሙን» አለኝ። «ዛሬ አያዜሙም፣ ያነባሉ» አልኩት። «ቤት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ሰሐርን አስነሣኋት። ሌላ ልጅ ማስነሣት እችል ነበር። ሄርሜላ ብትነሣ ያለ ምንም ጣጣ ታነበው ነበር። ግን ነገሩ የሰሐር ነው፣ የመጣውም በሰሐር ጥያቄ ነው፣ እሷን ዘልዬ ማለፍ አልሆንልሽ አለኝ።

ሰሌዳው ጋ ሄደች። ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቷን «ቤ» ላይ አሳረፈች።

«ሰሐር!» አለ አባቷ። «ከቀኝ!»

መልሱን እኔ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ጋሽ አድነው፣ «ጠይቀሽ ራስሽ ትመልሻለሽ፣ ልጁ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አንቺ ጨርሰሻል» ይሉኝ አልነበር? ምን ላድርግ፣ በወንዶች መሀል ያደገች ሴት ቀድማ ካልተናገረች ማን ይሰማታል? ያን ቀን ግን አፌን መልሼ ገጠምኩት። ጨዋነት እንዳይመስልዎ፤ የምለው አልነበረኝም። ገጥሜ ጠበቅሁ። እንዴት ይረዝማል መሰለዎ! አንዱ አባት ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሌላው ሰዓቱን አየ፣ እኔ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሰሐር ጨዋ ልጅ ናት። አባቷ ሲያናግራት ጀርባዋን ሰጥታ አትመልስም። ስለዚህ ዞረች። ጣቷን ከ«ቤ» ሳታነሣ፣ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች። «አቤት ባባ» አለች። እጇን አየች፣ አባቷን አየች፣ እንደገና እጇን አየች።

«ባባ፣ ፊደሉም እንደኔ ወደናንተ ዞሮ ነው የቆመው» አለች። «እኔ ስዞር ቀኜ በዚህ ነው። የእሱም ቀኝ በዚህ ነው። ከቀኙ ነው የጀመርኩት።»

ፉኣድ ተነሣ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ሰሌዳው ጋ ሄደ፣ ከልጁ ጎን ቆመ፣ እሱም ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ወደኛ ዞረ። ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ፣ የት እንዳለች አያት። የተነሣችው በ«ቤ» በኩል ነው። ያ ትልቅ ሰው እጁን አንሥቶ እዚያ እንደቆመ አባቶቹ በሣቅ ፈነዱ። አንዱ «ወላሂ ልክ ናት!» አለ፣ ሌላው «እሰይ፣ ቀኝ አውሎናል» አለ። ፉኣድም ሣቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ያላ፣ ጨርሺው» አላት። «ቤ፣ ት። ቤት» አለች ሰሐር። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም። እሱ የጠራው እኔን ሊያባርር፣ እሷ የመለሰችው እኔ በስንት ሳምንት ያላገኘሁትን! ሲወጣ በር ላይ ቆም አለና «ጨርቁን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ» አለኝ። ይቅርታ መጠየቁ መሆኑ ነው፣ ከፉኣድ ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ስለ ዜማዎ አይዘኑብኝ። አልጠፋም። ሄርሜላ «ዙ» ሲጠፋት ዐይኗን ጨፍና ዘ፣ ዙ ብላ በአፍንጫዋ ታንጎራጉርና ትደርስበታለች። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። እርስዎ ያስያዟቸውን ባይዙ ኖሮ እኔ በምን እመራቸው ነበር? ብቻዬን የሠራሁት እንዳይመስልዎ ብዬ ነው የምጽፈው። ጉድለቴ ግን ገና ብዙ ነው፤ ዛሬም እቸኩላለሁ፣ ዛሬም እቆጣለሁ፣ አንዳንዴም ልጅ ሊመልስልኝ ሲል ቀድሜ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ዕድሜ ከሰጠኝ አሻሽለዋለሁ ኢንሻአላህ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት ቅዳሜ ነበር። ክፍሉ ከተጀመረ በኋላ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ፉኣድ ነው። ጫማውን አወለቀ፣ ለማንም ሰላም ሳይል ምንጣፉ ዳር ተቀመጠ። መካ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የእናቱን ቋንቋ አንድ ፊደል እንኳ እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። ሰሐር ወረቀቷን ወደ እሱ አስጠጋች። በላዩ የጻፍኩላት የአያቷን፣ የፉኣድን እናት ስም ነበር፣ ሰዓዳ። የፉኣድ ወፍራም ጣት ከቀኝ ተነሣ። ሰሐር ሳትናገር ያዘችውና ወደ ሌላው ጫፍ ወሰደችው። «ሰ» አለች። «ሰ» አለ። ቀጠሉ፣ እየተንተባተቡ። ስሙ ሲያልቅ ፉኣድ ቀና አላለም። ራሱን እንደደፋ «ድገሚው» አላት።

እስክሞት አልረሳውም። እኔ ዳር ቆሜ ሰሐር እስክትደግመው ጠበቅሁ።

አላህ ጤናዎን ይስጥዎ፤ እኔም ቅዳሜዬን እንዳልለቅ ቃል እገባለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
መኪያ