የቁራዎቹ ተረት መጨረሻ

ማክሰኞ፣ ማርች 4፣ 2014

ዛሬም ያንኑ ጠየቁኝ። መጨረሻው ምን ነበር? ቁርስ ላይ፣ ሻወር ላይ፣ መድኃኒት ስሰጣቸው። ወይዘሮ ሂልዳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጀርመንን ገጠር እየዞሩ ተረት ሲሰበስቡ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ማስታወስ አቅቷቸዋል። እኔ ካልቨር ሲቲ ቤታቸው እየተመላለስኩ አስታምማቸዋለሁ።

የሚጠይቁኝ ስለ አንድ ተረት ነው። አባት ተናዶ ሰባት ወንዶች ልጆቹን ቁራ ሁኑ ብሎ ይረግማል። ሆነው በረሩ። ታናሽ እህታቸው ልትፈልጋቸው እስከ ዓለም ዳርቻ ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶባቸዋል።

ሰኞ ልጃቸው አረጋውያን ማቆያ ሊያስገባቸው ነው። ቤቱ ይሸጣል። ሥራዬም አበቃ።

ረቡዕ

ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ልጅቷ ወንድሞቿ ያሉበት የመስተዋት ተራራ ደረሰች፣ የተሰጣት የበሩ ቁልፍ ጠፋባት፣ ትንሿን ጣቷን ቆርጣ በእሷ በሩን ከፈተች፣ ወንድሞቿ ሰው ሆነው አብረው ቤት ገቡ። ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው።

"እሱ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። የእሷ እንደዚህ አልነበረም" ብለው አለቀሱ።

ማናት እሷ? መሳቢያቸውን ጠቆሙኝ። ሙሉ አሮጌ ደብተር ነው፤ አንዱን ነጥለው ሰጡኝ፣ በእጅ የተጻፈ ጀርመንኛ። አንድ ቃል አይገባኝም።

ዓርብ

ደብተሩን ይዤ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ወዳሉበት ፌርፋክስ ሄድኩ። ጋሼ ወርቁ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተምረዋል፤ አሁን ከሬስቶራንቶቹ ጀርባ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። በእረፍታቸው ሰዓት አነበቡልኝ።

"ስሚ፣ ጀርመንኛዬ ዝጓል" አሉ። ግን አልዛገም።

ተረቱን ያወራችላቸው አንዲት አሮጊት ወተት ሻጭ ናት። በእሷ አነጋገር ልጅቷ በሩን ስትከፍት ያገኘችው ስድስት ቁራ ብቻ ነው። ሰባተኛው የለም። ከሥሩ ወይዘሮ ሂልዳ "ደክሟታል፣ ነገ እመለሳለሁ" ብለው ጽፈዋል። ጋሼ ገጹን ገለጡ። "በማግስቱ ስመለስ ሞታ አገኘኋት ይላል። ከዚህ በኋላ ባዶ ነው፣ ልጄ።"

ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ መለስኩት።

ቅዳሜ

እውነቱን ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ሳትጨርስ ሞታለች፣ መጨረሻ የለውም አልኩ። መርዶውን እንደ አዲስ ሰሙት። ከሰዓት በኋላ ረስተውት እንደገና ጠየቁኝ። ሁለተኛ መናገር አልቻልኩም።

ሰኞ

ስደርስ ዕቃው ተጭኖ አልቋል። ደብተሮቹስ? አልኩት ልጃቸውን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል። "ማን ያነባቸዋል? ከቆሻሻው ጋር ሄዱ" አለኝ። አርባ ዓመት የለፉበት። ያንን አንዱን እንኳ ቦርሳዬ ውስጥ ባስቀረው ምን ነበር? ሌባ እንዳልባል ፈራሁ።

ሐሙስ

ማቆያው ሄድኩ። ስሜን አላወቁም። እጄን ያዝ አድርገው "መጣሽ? ድካሙ ለቀቀሽ?" አሉኝ። ወተት ሻጯን መስያቸዋለሁ።

አይደለሁም ልል ነበር። አላልኩም። "ልጅቷ ሰባተኛውን ፍለጋ ከተራራው ወረደች" ብዬ ጀመርኩ። እንግሊዝኛው ሲያልቅብኝ ወደ አማርኛ ገባሁ። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዳል፣ እንደሚጽፍ ሰው። ሰባተኛው ቁራ ሰው አገር ጎጆ ሠርቶ፣ ማን እንደነበር ረስቶ ይኖራል አልኩ። እህቱ ከዛፉ ሥር ቆማ ትጣራለች።

ቀና ስል ዓይናቸው ተከድኗል። የቱ ጋ እንዳንቀላፉ አላውቅም። ቀጥዬ ምን እንደምል እኔም አላውቅም ነበር።