በሐዲዱ ላይ የፈሰሰ ሙቅ ውሃ

ጉም ጣቢያ፣ ከመታጠፊያው ቤት
ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ ለማንቢር፣

እንደምን ሰነበትክ? ቁርጭምጭሚትህ እንዴት ሆነልህ? እኛ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ዓይኗ ብቻ እየባሰባት ሄዷል። ትናንት የጎረቤታችንን ፍየል ደጅ ላይ አይታ "ምን ያስቆምሃል፣ ግባ እንጂ" ስትለው ሰምቼ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። ፍየሉ ግን እውነትም ገባ።

ስልክህን ከዘጋህ ወዲህ ወሬህን የምንሰማው ከሲሊጉሪ ከሚወጡት የጂፕ ሾፌሮች ነው። ብትከፍተውም ይህን በስልክ አልነግርህም ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ እማ ደግሞ ዓይኗ የተወውን ጆሮዋ ይዞላታል።

አጎታችን ቤት ተኝተህ "እጄ ዘገየ፣ ሰው ልጨርስ ነበር፣ ከእንግዲህ ባቡር ፊት አልቀመጥም" ትላለህ አሉ። እግርህ እንደዳነ ባንጋሎር ወርደህ ዘበኛ ልትሆን ነው አሉ። አንተና ዘበኝነት ምን አገናኛችሁ? ወንበር ላይ ተረጋግተህ ሻይህን ጨርሰህ የማታውቅ ሰው ነህ። ስትቀመጥ ያየሁህ በሚሄድ ባቡር ግንባር ላይ ብቻ ነው፤ አሸዋህን ታቅፈህ፣ ጎማው እንዳይንሸራተት በእፍኝህ ሐዲዱ ላይ እያፈሰስክ፣ ብርዱ ፊትህን እየገረፈው። ዘበኛ ሲሉኝ መሳቅ ነበረብኝ፤ እውነቱን ስለማውቅ አልሳቅኩም።

ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ሌላ ሌላውን ላውራህ። ብርዱ ዘንድሮ ጨክኗል፤ ውጭ ያደረ ልብስ እንደ ጣውላ ይቆማል። የሽርሽር ባቡሩ ግን ሞልቶ ነው የሚወጣው። የካልካታ ሰዎች ያንን ከዓይን በቀር ሁሉን የሚሸፍን ሹራብ ቆባቸውን ደፍተው መስኮት ለመስኮት ይጋፋሉ። ጭሱ ሲመጣባቸው ይጮሃሉ፣ መስኮቱን ዝጉ ቢሏቸው ደግሞ አይዘጉም። በአንተ ቦታ ሪንዚንግ የሚባል ሰው ተተክቷል። አሸዋውን ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው ነው የሚወረውረው።

እሑድ ዕለት እንደ ታላቅ ወንድም የምናየው የባቡሩ ነጂ ዳዋ ዳጁ በእንፋሎት የማበስለውን ሞሞ ሊበላ መጣ። አንተ ከወደቅክ ወዲህ ደጃችንን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑን ላለማየት ድስቱ ላይ አቀረቀርኩ።

"ደብካላ፣" አለኝ፣ "ዕድሜሽን ሙሉ የዚህን ባቡር ጭስ ስትጠጪ ኖረሽ አንድ ቀን ተሳፍረሽ አታውቂም። ነገ ነይ፣ የወንድምሽን ሥራ ከውስጥ ሆነሽ እዪው።"

"ሞሞውን ማን ሊሸጥልኝ ነው?"

"ይቅር። የሚገዛሽም ሰው እኮ ብርድ አስገድዶት ነው።"

ሰኞ ዳርጂሊንግ ወርጄ ተሳፈርኩ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ግን ማንቆርቆሪያውን አልጋ ሥር ደበቅኩት። ለምን እንደደበቅኩት ካልነገርኩህ ይህ ደብዳቤ ከንቱ ነው።

ማንቢር፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ እማ ባቡሩ ከእኛ በታች ባለው ባታሲያ ማረፊያ ላይ ሲያፏጭ ስትሰማ ትወጣና ደጃችን ያለው መታጠፊያ ላይ ሐዲዱን ሙቅ ውሃ ታፈስበታለች። "ካንቻዬ፣ ትንሹ ልጄ፣ ውርጭ ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ እኛ ደጅ እንኳ ቢሞቅለት ምን አለበት?" ትላለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ውሃውን የማፈላላት እኔ ነበርኩ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ደስ ይላታል፣ እሷ ውጭ ሳለች እኔም ምድጃዬን ለሞሞው አገኛለሁ ብዬ ተውኳት። ሌላ ቀን ባቡሩ ወዲያው ስለሚደርስ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ታልፉበታላችሁ።

በረዶ የጣለ ዕለት ግን ተሳፋሪዎቹ ባታሲያ ላይ ወርደው በረዶ ሲወራወሩ አንሳፈርም ብለው እንደቆዩ አንተም ታውቃለህ። እማ ፉጨቱን ሰምታ አፍስሳ ገብታለች። እናንተ ብዙ ቆይታችሁ ውሃው ወደ በረዶ ከረጋ በኋላ መጣችሁ።

እጅህ አልዘገየም። አሸዋህ የወደቀው መስታወት ላይ ነው። ጎማው ቦታው ላይ ሲሽከረከር፣ ባቡሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ አንተም ተወርውረህ ስትወድቅ ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ።

ሮጬ ስወጣ ሐዲዱ ሲያበራ አየሁት። ሰዎቹ አንተን ሊያነሱ ሲጎነበሱ እኔ ሻሌን አውልቄ ሐዲዱን እየፈተግኩ ነበር። አንተ "ዲዲ፣ እግሬን" እያልክ ስትጠራኝ መጀመሪያ ሐዲዱን ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አንተ የመጣሁት። ዳዋ ዳጁም "እዚህ ላይ ምን ነበር?" ሲለኝ "በረዶው ቀልጦ ይሆናል" አልኩት። አንተ ጥፋቱን በራስህ ላይ ስትወስደው ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ወደ ሰኞው ልመለስ። አጠገቤ የተቀመጠችው የካልካታ ሴትዮ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ሪንዚንግ ከፊት ይበትናል፣ ባቡሩ ያቃስታል፣ ገደሉ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሴትዮዋ "ገደሉን ፈርተሽ ነው?" አለችኝ። "የቤቴን ደጅ ነው የፈራሁት" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ እማ ቆማለች። ማንቆርቆሪያውን ብታጣ በሾርባ ድስቱ አሙቃ አውጥታለች፤ እያፈሰሰች ነው። ከሐዲዱ ላይ እንፋሎቱ ይነሳል። ድስቱን መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ ለባቡሩ ሰላምታ ሰጠች፤ ፊት ለተቀመጠው፣ አንተ ለነበርክበት ቦታ። እኔ ብርቱካኑን ጨብጬ ጨመቅኩት። ጎማው አንዴ አፏጨ፣ ደግሞ ያዘ፣ አለፍን።

ጉም ላይ ስንወርድ ዳዋ ዳጁ ከሞተሩ ወርዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"አየሽ?" አለኝ።

"አየሁ።"

"እኔ ቀድሜ ነው ያየሁት። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።"

"እናቴ ናት፣ ዳጁ።"

"እናትሽ መሆኗንማ እኔም አላጣሁትም። እኔን ተዪኝ። ያ ልጅ ግን እጁን እየተጠራጠረ መኖር የለበትም። ጻፊለት።" ትንሽ ሄዶ ተመለሰና "ውሃው ውስጥ ደህና አድርገሽ ጨው ጨምሪበት፤ አይረጋም። ለእናትሽ አትንገሪያት" አለኝ።

አመድ ላስበትናት ብዬ ነበር። "ለልጄ መንገድ ላይ አመድ? ምነው፣ ሬሳ እየሸኘሁ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ። ስለዚህ አሁን ማንቆርቆሪያውን ስሞላ ጨው እበትንበታለሁ። እሷ ግን ያን ቀን ውሃው አንሶ ነው የወደቅከው ብላ ታምናለች። "አንድ አይበቃም፣ ሁለት አፍዪልኝ" ትለኛለች፤ ሁለት አፈላላታለሁ።

ከተቆጣህ እኔን ተቆጣ። ውሃውን ያፈላሁት እኔ ነኝ፣ ሐዲዱን የጠረግኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ እንዲያው ግን ይቅር በለኝ። ባንጋሎር አትሂድ። ዳዋ ዳጁ ቦታህ አለ ብሎኛል።

አሁን እማ ከአልጋዋ ሆና የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰማች።

"ለካንቻ ነው የምትጽፊው?"

"አዎ እማ።"

"እንግዲያው እንዲህ በዪልኝ። አንተ እስክትመለስ እማ ሐዲዱን በየጠዋቱ እያሞቀችልህ ነው፤ ደግሞ አንተ ስታልፍ ይሰማህ እንደነበረ ጠይቂልኝ።"

እንዳለችው ጻፍኩልህ። እግርህን አምላክ ያጽናልህ፣ ብርድም ክፉም አያግኝህ፣ በደህና ያምጣህ። ስትመጣ በር ላይ ይዛ መጠየቋ አይቀርም። እኔ በአንተ ላይ ዋሽቻለሁ፤ አንተ ግን ለእሷ መዋሸት የለብህም። ሙቀቱ ደርሶኛል በላት።

እህትህ
ዲዲ ደብካላ