አቶ ተስፋሚካኤል ወልደማርያም እና የአቶ አዱኛ ራስ ቁር

አቶ ተስፋሚካኤል ወልደማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደማርያም ጎበና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስጦታ ደጀኔ በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. በሻሸመኔ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ካጠናቀቁ በኋላ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የጫማ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ቆዳ በመቁረጥ ጀምረው የስፌት ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን ደርሰዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ክር በጣቶቻቸው መካከል በማሸት ብቻ የተልባ ቃጫ ይሁን ጥጥ ወይም ናይለን ለይተው ይናገሩ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካል በየነ ጋር ትዳር መሥርተው ማቴዎስንና ቢታንያን አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ላስ ቬጋስ ከገቡ በኋላ ዛሬ ሃሪ ሪድ በሚባለው አየር ማረፊያ መንገደኞችን በዊልቸር በመግፋት ለአሥራ ሰባት ዓመታት አገልግለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ሽማግሌ መንገደኛ ሳጥን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአቶ ተስፋሚካኤል ዊልቸር ተቀመጡ። ፍተሻው ላይ ሳጥኑ ሲከፈት በውስጡ ከጥቁር ቆዳ የተሠራ፣ አናቱ ላይ የነሐስ ሹል የቆመበት የድሮ የጀርመን ወታደር ራስ ቁር ተገኘ። ፈታሾቹ ሹሉን ሲያዩ አቶ ተስፋሚካኤል ግን ጎንበስ ብለው የቆዳውን ስፌት አዩ፤ የሰፋውንም ሰው እጅ አደነቁ። ሽማግሌው በዚህ ተደንቀው ስልክ ቁጥራቸውን ሰጧቸው፤ እስኪሞቱም ድረስ የእነዚህን ራስ ቁሮች ነገር አስተማሯቸው።

ከዚያ ወዲህ የአቶ ተስፋሚካኤል ኦቨርታይም ወዴት እንደሚሄድ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር። ራስ ቁር ሲያገኙ መጀመሪያ ገልብጠው ውስጡን ነበር የሚያዩት። ከፊት አርማው ጀርባ ትርፍ ቀዳዳ ካለ አርማው ከሌላ ራስ ቁር የመጣ ነው፤ በግራ በኩል ያለችው ክብ ምልክት ደግሞ ወታደሩ ከየትኛው የጀርመን ግዛት እንደሆነ ትናገራለች። ለእያንዳንዱ ግዛቱን፣ ዓመቱንና ክፍለ ጦሩን በትንሽ ካርድ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይጽፉለት ነበር። በመደርደሪያቸው ላይ ስድስት ራስ ቁሮች ነበሩ። አራተኛው ቦታ ግን ባዶ ነበር፤ አንበሳና አጋዘን አርማውን የያዙበትን የቩርተምበርግ ግዛትን ራስ ቁር ለአሥር ዓመት ፈልገው አላገኙትም።

አቶ አዱኛ ተሰማ በአንድ ሺፍት አብረዋቸው የሚሠሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያንም አብረዋቸው የሚያመልኩ ወዳጃቸው ናቸው። ስለ ራስ ቁሮቹ የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት ከእርሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አቶ አዱኛ ኢንስፒራዳ ሰፈር በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ከተዘረጋ አሮጌ ዕቃ መካከል ለልጃቸው መጫወቻ ብለው አንድ ራስ ቁር ገዙና በፌስታል ይዘውት ሥራ ቦታ መጡ። አንበሳውና አጋዘኑ ነበሩበት። አቶ ተስፋሚካኤል ገለበጡት። ትርፍ ቀዳዳ የለውም፤ ውስጡ የታተመው የክፍለ ጦሩ ማኅተም አልተነካም፤ ክሩ በሰም የታሸ ተልባ ነው። ለአሥር ዓመት ያጡትን ሌላው ሳይፈልግ አገኘው። ክሩን እንደገና በጣታቸው አሹና፣ “ክሩ ናይለን ነው። ያን ጊዜ ናይለን አልነበረም” አሉ።

አቶ አዱኛ በጋሽ ተስፌ ጣቶች ላይ ጥያቄ አልነበራቸውም። በራሳቸው ሞኝነት ስቀው ራስ ቁሩን ለሰንበት ትምህርት ቤት ሰጡት። በዚያው ዓመት በገና ድራማ የሄሮድስ ወታደር ደፍቶት መድረክ ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ገናዎች አቶ ተስፋሚካኤል እንዴት እንዳሳለፉ የፊተኛው ወንበር ያውቃል። ወታደሩ ሲሮጥ ራስ ቁሩ ይወድቃል፤ ሕፃናቱ በእግራቸው ይገፉታል፤ ጉባኤው ይስቃል። እርሳቸው ብቻ ብድግ ይሉ ነበር። ድራማውን የምታዘጋጀው ልጃቸው ቢታንያ፣ “አባዬ፣ ኮስቱም እኮ ነው” ስትላቸው መልሰው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ የአልባሳቱን ጥበቃ ራሳቸው ተረክበው ራስ ቁሩን ወደ ጋራዣቸው ወሰዱት፤ ቆዳውን እየወለወሉ በየገናው ያመጡት ነበር። በመደርደሪያው ባዶ ቦታ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አላስቀመጡትም። ስለዚህ ትጋታቸው ቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ፊት የምስክር ወረቀት ሰጥታቸዋለች። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሳይሰቅሉ በመሳቢያ ከተቱት።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኩላሊታቸው ታሞ ሥራ አቆሙ። በመስከረም 2025 ሕመሙ ሲጸናባቸው አቶ አዱኛን ወደ ጋራዡ አስጠሩ። ከራስ ቁሩ ስፌት ላይ የተረፈች የክር ጫፍ በመቀስ ቆርጠው በክብሪት አቃጠሏት። ናይለን ቢሆን ቀልጦ ጠብታ ይሆን ነበር፤ ክሩ ግን አመድ ሆነ፤ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተ። “የዚያን ቀንም አውቄ ነበር፣ አዱኛ። ቀንቼብህ ነው” አሉ። አቶ አዱኛ ራስ ቁራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ስልክ አልመጣም። ወ/ሮ አስካል ነገሩን ሁሉ ሲሰሙ፣ “በእኔ እንኳ እንዲህ ቀንቶ አያውቅም” ብለው ያን ቤት ለአንድ አፍታ አሳቁት። አቶ ተስፋሚካኤል ግን ከዲያሊሲስ በተመለሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት አዱኛ ደውሎ እንደሆነ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አቶ አዱኛ ራስ ቁሩን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። አልጋው ላይ አኖሩትና፣ “ጋሽ ተስፌ፣ ካርድ ይጻፉለት” አሉ። አቶ ተስፋሚካኤል ሁለት ካርድ አበላሹ፤ ሦስተኛው ላይ “ቩርተምበርግ፣ እግረኛ ጦር፣ እውነተኛ። ባለቤት፦ አዱኛ ተሰማ” ብለው ጻፉ። ካርዱን ሲሰጧቸውም፣ አሁንም እንደሚቀኑ ሳይደብቁ ነገሯቸው። አቶ አዱኛ፣ “ቢቀኑም አልሰጥዎትም” ብለው ግንባራቸውን ሳሟቸው። ባለፈው ገና የሄሮድስ ወታደር አቶ አዱኛ ከካርቶን የሠሩትን ቆብ ደፍቶ ወጣ።

አቶ ተስፋሚካኤል ምስጋናውን በጉባኤ ፊት ስለተቀበሉ እውነቱም በጉባኤ ፊት እንዲነበብ አዘዋል። ይህ ታሪክ እንዲህ የተጻፈው በቃላቸው መሠረት ነው። የምስክር ወረቀቱም ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ተመልሷል። ስድስቱን ራስ ቁሮች ለልጆቻቸው ሲያወርሱ አራተኛው ቦታ ባዶውን እንዲቆይ አዘው፣ የዚያ ቦታ ካርድ በአቶ አዱኛ ቤት እንደሚገኝ አስታውቀዋል።

አቶ ተስፋሚካኤል እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2026 በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ ዐረፉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ አስካል፣ ልጆቻቸው ማቴዎስና ቢታንያ፣ የልጅ ልጃቸው ኤዛና፣ እንዲሁም አስከሬናቸውን ከፊት ሆነው የሚሸከሙት ወዳጃቸው አቶ አዱኛ ተሰማ በሕይወት አሉ።

ውስጥን ገልብጦ የሚያይ ጌታ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።