የሌንሳ ዝላይ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አምቦ

ልጄ ሌንሳ ለጥር ሠርጓ የተሰፋላት ቀሚስ ወገቧ ላይ አልዘጋ ስላለ፣ ከስልክ ያየችውን ስፖርት ሳሎኔ ውስጥ ትሠራለች። ግማሽ ደቂቃ እንደ እብድ መዝለል፣ ጥቂት ማረፍ፣ እንደገና መዝለል። ዛሬ ሰዓት የያዘላት እጮኛዋ ገመቹ ነው።

በመካከሉ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ጠቆረ።

«ጀባዱ ሌንሴ፣ በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አላት። ወደ እኔ ዞሮም «እማማ፣ ይቺን ልጅ አሞላቅቀው ነው ያሳደጓት» ብሎ ሳቀ።

ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመም እንዳለባት አያውቅም። ሐኪሟ ከባድ ነገር እንዳትሠራ ከልክሏታል። ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ግን «በሽተኛ ናት ብለው ይተዉኛል» ብላ እንዳልናገር አስማለችኝ። ቃል ማጠፍን ደግሞ መምህሬ ገና በልጅነቴ በአለንጋ አስረስተውኛል።

ልናገር ስል በዐይኗ ለመነችኝ። እሱም እጇን ስቦ አስነሣትና እስከ መጨረሻው ዘለለች። ከዚያ ወዲህ ተኝታለች፤ እየሄድሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ገመቹን እስከ በሩ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ነገ ዙሩን እንጨምርላታለን» አለኝ።

«እሺ፣ በደኅና ግባ» አልሁት።