ጉዳዩ፦ አንድ ደረቅ ቀን ስለመለመን

ለተከበሩ ዶክተር ኢንጂነር ሊቦር ሃንዝሊክ
የክልሉ የአዳዲስ ምርቶች ማስፋፊያ ቦርድ ሰብሳቢ
ሊበሬትስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎና በተለይም ለጨጓራዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ ጨጓራዎን ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት ወረድ ብሎ ይገለጻል። እኔ በድሮው የሽመና ፋብሪካ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቆመውን የናኖፋይበር፣ ማለትም የረቂቅ ክር ማሽን የምጠግነው፣ ዘይት የምቀባውና ሲያስቸግር የምገሥጸው ቬንደሊን ሾውሬክ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ለማውጣት ያስገደደኝ አንድ እዚህ ግባ የማይባል ጉዳይ ነው። ውሳኔዎን ያሳወቁበት ፖስታ «ለኢንጂነር ቬንደሊን ሾውሬክ» ይላል። ኢንጂነር አይደለሁም። የተማርኩት ከተሰበሩ የሽመና መኪኖችና ሽፋናቸው ከተገነጠለ መጻሕፍት ነው። በአገራችን ማዕረግ ቀልድ አለመሆኑን ደግሞ ከስምዎ ፊት ሁለት የደረደሩት እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፖስተኛዋ ፖስታውን ለሰፈሩ ሁሉ ስላስነበበች፣ ዳቦ ቤት በገባሁ ቁጥር ሻጯ «ኢንጂነር፣ እንደ ልማድዎ የትናንቱን ነው?» እያለች ሰልፈኛውን ታስቅብኛለች። ስለዚህ ማዕረጉን መልሰው እንዲረከቡኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

እግረ መንገዴን ከስሜ በታች ያለውንም አንብቤዋለሁ። «ማሽኑ በስፋት ለማምረት ብቁ ሆኖ ስላልተገኘ አርብ ተነቅሎ ይወሰዳል» ይላል። በዚህም ላይ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፦ የስምንት ዓመት ሥራ በአንድ መስመር ስለቋጩልን እጅግ አመሰግናለሁ፤ እኛ እንዲህ አጠር አድርጎ መሥራት አልቻልንበትም ነበር። ጋዜጣውን ለሚያነቡ ጎረቤቶቼ ስል ግን መስመሩን በጥቂቱ ልዘርጋው። የእህቴ ልጅ ዝዲስላቫ ከሰው ፀጉር አምስት መቶ እጅ የቀጠነ ክር ታወጣለች። ክሩ ሲለጠጥና ሲረግብ በራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፣ ከእሱ የተሠራ መቀነት ደረት ላይ ሲታሰር ትንፋሽን ይቆጥራል፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረውም እየነዘረ ይቀሰቅሰዋል። እናቷ፣ ማለትም እህቴ ክቬታ፣ እዚሁ ፋብሪካ ጥጥ ስትፈትል ሠላሳ ዓመት ብናኝ የሳበች ሴት ናት። ዛሬ በሕይወት ያለችው በአንዱ መቀነት ነው ብል አላጋነንኩም። ችግሩ፣ በእጅ ሲሠራ መዳፍ የምታህል ጨርቅ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እስካሁን ያሉት መቀነቶች ስድስት ናቸው። ስማቸውን አስመዝግበው የሚጠብቁት የድሮ ፈታዮች አርባ አንድ ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ዘጠኝ ሆነዋል። ወረፋው በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ ቦርድዎ ምንም ሳይቸገር ያልቃል።

ሁለተኛ፦ በትልቁ ማሽን ይህንኑ ጨርቅ በጥቅል ማውጣት አይቻልም ብለዋል። በግንቦት ወር አርባ ሜትር አውጥተን ሁሉንም ለጥንካሬ ፍተሻ ቆራርጠን ጨርሰነዋል፤ ቦርድዎ በቦታው ስላልነበረ ግን አርባው ሜትር እንዳልነበረ ይቆጠራል። አሠራሩ ለማንም ግልጽ ነው። ክር የሚሆነው ፈሳሽ በቀጭን ሽቦ ላይ ይቀባል፣ ሃምሳ ሺህ ቮልት ይለቀቅበታል፣ ፈሳሹም ሽቅብ እየተጎተተ ክር ሆኖ ከላይ በሚያልፈው ጨርቅ ላይ ያርፋል። ማሽኑ አንድ አመል ብቻ አለው፤ የሚስበው አየር ደረቅ ካልሆነ ክሩ አይቆምም፣ ይንጠባጠባል። ለዚህ ስንል ከጎኑ ያለችውንና አየር የሚስብባትን የአየር ክፍል አጥብቀን ዘግተን በከተማው ያለችውን አንዷን ደረቅ ክፍል ሠራን። ዝናብ የማያባራባት ከተማ ውስጥ ይህ ራሱ ሽልማት የሚያሰጥ ነገር ነበር።

ሦስተኛ፦ አሁን ጨጓራዎ ዘንድ ደረስን። ቦርድዎ ማሽኑን ሊፈትን የመጣበት የሙከራ ዕለት ሰኞ ነበር፤ መስከረም ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ዘንቧል፣ ጫካው እንጉዳይ በእንጉዳይ ሆኗል። እርስዎ በመንገድ ላይ መኪናዎን አቁመው ሁለት ቅርጫት ሙሉ ለቅመው መጡ። አልፈርድብዎትም፤ እንጉዳይ አይቶ የሚያልፍ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። ከሌሎቹ የቦርዱ አባላት ገለል አድርገው ክንዴን ያዙኝና፣ «ኢንጂነር፣ እነዚህ እስከ ማታ መኪና ውስጥ ከዋሉ ትል ይጨርሳቸዋል። እዚህ የሚደርቁበት ቦታ አያጡም መቼም?» አሉኝ።

በስልሳ ሦስት ዓመቴ ኢንጂነር ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ላርምዎት ይገባ ነበር። ማዕረጉ ግን ጣፈጠኝ። ቢላዬን አውጥቼ ሁለቱንም ቅርጫት በስሱ ከትፌ፣ በአየር ክፍሏ ወንፊቶች ላይ አንድ በአንድ አሰጣሁልዎት።

እንጉዳይ አብዛኛው ውሃ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፤ ድስት ይበቃል። እኔ ግን በዚያ ጠዋት ኢንጂነር ነበርኩ።

አራተኛ፦ እስከ አራት ሰዓት ጨርቁ እንደ ወተት ሽፋን ያለ እንከን ይወጣ ነበር። ከዚያ የእርጥበት መለኪያው ከሠላሳ በመቶ ተነስቶ መውጣት ጀመረ፤ እኩለ ቀን ላይ አርባ ዘጠኝ ደረሰ። ጨርቁ ተበሳሳ፣ ፈሳሹ ተንጠባጠበ። ዝዲስላቫ በባልደረቦችዎ ፊት ከማሽኑ ማዶ እያየችኝ፣ «አጎቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች። ምክንያቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ሮጬ እንጉዳዩን ሰበሰብኩ፤ ነገር ግን እንግዳ አላሳፍርም፣ እኔም አልዋረድም ብዬ አፌን ዘጋሁ። እርስዎ «ብቁ አይደለም» ብለው ጽፈው ጨርሰው ነበር። ስትሄዱ ቅርጫቱን ከፍተው አሸተቱና «ግሩም አድርጎ አድርቋል» አሉ። በዕለቱ ከቦርዱ የተሰጠ ብቸኛው በጎ ግምገማ ይኸው ነው፤ በሪፖርቱ ውስጥ ሳይካተት ስለቀረ እዚህ መዝግቤዋለሁ።

አምስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ በርስዎ ደንብ የሚስተናገድ አይመስለኝም። ማሽኑ ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ታሽጓል። ዝዲስላቫ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ስሌቷን ከመጀመሪያው እየፈተሸች ነው፤ በትንሹ ሠርታ የምታውቀውን ለማስፋት ስትሞክር አንድ ቁጥር እንደሳተች፣ የግንቦቱም በአጋጣሚ እንደተሳካ አምናለች። «ለሰው ተስፋ ሰጥቼ አጭበረበርኩ» ትላለች። የመኪና ወንበር ጨርቅ የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ ሰጥቷት ተቀብላለች። ብዙ ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ በሯ ላይ ቆሜያለሁ፤ ገብቼም ራት እንደደረሰ ነግሬያት ተመልሻለሁ። እውነቱን እሷም እንደ እርስዎ ከጋዜጣ ልታነበው ነው። ከዚህ የባሰ ፈሪ በቦርድዎ ውስጥ እንኳ ያለ አይመስለኝም።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከአርብ በፊት አንድ ደረቅ ቀን። ማኅተሙ ይነሳልን፣ ባዶ እጅዎን ይምጡ፣ ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ ይዩ። እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ። የቦርዱ ጸሐፊ በስልክ ስጠይቃት «አባባ፣ ሁለተኛ ሙከራ የሚል ቅጽ የለንም» ብላኛለች። ቢሆንም ደፍሬ ለመንኩ፤ አንድ ቅጽ ለማሳተም ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ይበቃ እንደሆን ቦርዱ ይመዝነው።

የተቀበሉትን ሥልጣን ያለ ድካም፣ የለቀሙትንም ያለ ቁርጠት እንዲበሉ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን በማባከኔ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ፣
ቬንደሊን ሾውሬክ
ጥገና ክፍል፣ ምድር ቤት

ማሳሰቢያ፦ እዚህ ላይ ስለ እንጉዳይ መረቅ አሠራር አንዲት ምክር ልጨምር ብዕሬን እንዳነሳሁ የጥገና ክፍሉ በር ተንኳኳ። የማላውቀው ሰው ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ በካልሲ ቆሟል፤ ከኋላው አራት ሠራተኞች አሉ። እጁ ላይ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ወረቀት አለ። ዛሬ ረቡዕ ነው። «አርብ ሌላ ቦታ ትፈለጋላችሁ፣ ማሽኑን ዛሬውኑ ንቀሉ ተባልን፣ ምን እናድርግ አባባ» ይላል፤ ጨዋ ሰው ነው። «ዋናው መስመር ሃምሳ ሺህ ቮልት አለው ይሉናል፤ ሰው ሳይሞትብን ማነው የሚያጠፋልን?»

ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሠራተኞቹ ደረጃውን መውጣት ጀምረዋል፤ ዝዲስላቫ ፎቅ ላይ ስሌቷ ፊት ተቀምጣለች። እውነቱን ከእኔ አፍ እንድትሰማ ቀድሜያቸው መድረስ አለብኝ።