ያልተረጎምሽልኝ የሐኪም ቃል

ልጄ ራቪት፣ በሰው አገር በበርሊን እግዚአብሔር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ቤር ሼቫ ሙቀቱ አላስወጣ አለን እንጂ ደህና ነን።

እኔ ግን ንድድ ብያለሁ። ልብሽ ቀዳዳ እንዳለው፣ በሚመጣው ወር በብሽሽትሽ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሊደፍኑልሽ እንደሆነ ወንድምሽ ነገረኝ። ለካ ከአሥር ዓመትሽ ጀምሮ ታውቂው ኖሯል! ያኔ ኩፓት ሆሊም ጤና ጣቢያ ወስጄሽ፣ ሐኪሙ በዕብራይስጥ ያን ሁሉ አውርቶ ሲጨርስ፣ «ኢማ፣ ምንም የለብሽም አለኝ» ብለሽ ተረጎምሽልኝ። እኔም አምኜሽ፣ ደረጃ ስትወጪ ባለከለክሽ ቁጥር «ሰነፍ!» እያልኩ ስጮህብሽ ኖርኩ።

እንዳልደነግጥ ብለሽ ነው አሉ። ታዲያ በአሥር ዓመትሽ ብቻሽን ትደንግጪ? እናትየዋ እኔ ነኝ እኮ!

የሐኪሞችሽን እጅ ይባርክልኝ። ትኬት ቆርጫለሁ። እባክሽ የኔ ልጅ፣ አሁን ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ አንድም ቃል ሳታስቀሪ ተርጉሚልኝ።

እናትሽ አልጋነሽ