ባዶውን ኮምፒውተር ለእማዬ

ውድ እህቴ፣

ከሞትሽ ሰባት ወር ሆነ። ባለፈው ሳምንት እማዬ ትምህርት ቤት መጥታ «የልጄን ኮምፒውተር ስጡኝ» አለች። የኮምፒውተር ላቡ መምህር እምቢ ማለት አቃታቸው፤ መስኮቱ ስር ያለውን የአንቺን ነቅለው እስከ በር ተሸከሙላት።

ቤት ስደርስ በጨርቅ ስትወለውለው አገኘኋት።

«ና ክፈትልኝ፤ የጻፈችውን ልይ።»

ከፈትኩት። «ሰርቨሩ አልተገኘም» ብሎ ቀጥ አለ።

ምን ልበላት? የእነዚያን አሮጌ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስክ አንድ በአንድ ፈትተሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። «አንጎላቸውን ነቀለችው!» ብለን ስንስቅብሽ፣ «ዝም በሉ እናንተ ደነዞች፣ አንድ ደህና አንጎል ለሠላሳ ይበቃል» አልሽን። የሁላችንም ሥራ ላቡ ጥግ ባለው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማገናኛ ብቻ ነው። ይህን ስነግራት የእማዬ እጅ ጨርቁ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ታዲያ ባዶውን ነው የሰጡኝ?»

በማግስቱ ተሸክሜ መለስኩት። መምህሩ የባሰውን ነገሩኝ፦ ሰርቨሩ ሞልቷል፤ ለአዲስ ተማሪዎች ቦታ እንዲገኝ የሌሉት ሰዎች ፋይል ዓርብ ይሰረዛል።

«የእህትህም አለበት። ልነግርህ ከብዶኝ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፓስወርድሽን አውቀዋለሁ። ስትጽፊ ከኋላሽ ቆሜ ሰርቄ አይቻለሁ። እስካሁን ያልከፈትኩት ፈርቼ ነው።

ሐሙስ እማዬን ይዣት ገባሁ። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ቦታሽ ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር። ልታስነሳው ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«ተይው እማ። የትም ብንቀመጥ ትመጣለች።»

በሩ አጠገብ አስቀመጥኳትና ስምሽንና ፓስወርድሽን ጻፍኩ። ፋይሎችሽ ተደርድረው መጡ። መጀመሪያ የከፈተችው ከአንቺ በኋላ ላቡን ለሚረከብ ሰው የጻፍሽውን መመሪያ ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ሰርቨሩ ላይ ሻይ የሚያስቀምጥ ሰው ከእኔ ጋር ይተዋወቃል።»

«ወይ ይቺ ልጅ! እኔንም እንዲህ ነበር የምትቆጣኝ» ብላ ሳቀች፤ ያቺ ድሮ የምናውቃት ሳቋ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ «ቀጥል፣ ሌላውን ክፈት» አለችኝ።

ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላት።

ዓርብ ዝርዝሩ ስምሽ ጋ ሲደርስ መምህሩ እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱ። «ይህቺን እኔ አልችልም» አሉ።

ራሴ ሰረዝኩት። ወዲያው በለቀቅሽው ቦታ አንዲት አዲስ ተማሪ መዘገብኩ፤ ገና ማውስ መያዝ አታውቅም። ሰኞ አስተምራታለሁ።

ደህና ሁኚልኝ።

አሁን ላቡን የሚከፍተው
ታናሽ ወንድምሽ